ጭሱ ለምን ይመለሳል? የእንጨት ምድጃና የጭስ ማውጫ ቱቦ አተካከል

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ በዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ወደ ጭስ ቤት እንገባለን። የምንነጋገረው ስለ እንጨት ምድጃና ስለ ጭስ ማውጫ ቱቦ አተካከል ነው። ምድጃ ለማስተከል ያሰባችሁ፣ አስተክላችሁ ያልተመቻችሁ፣ ሙያችሁም ሆኖ ለሰው የምትተክሉ፣ ወደ ሬዲዮው ጠጋ በሉ። አስቀድመን ግን አንድ አጭር ጭውውት እናድምጥ።

(አክንባሎ ሲነሳ ይሰማል፤ ሳል፤ በር ሲከፈት)

እናት፦ ግባ! ግባና የሠራኸውን ሥራ እይ!

ላሜራ ሠሪ፦ ደህና አደሩ እማማ? ምን ተፈጠረ?

እናት፦ እግዚአብሔር ይመስገን። ምን ተፈጠረ ትለኛለህ? ጭስ ያወጣል ብለህ የተከልከው ቱቦ ጭሱን መልሶ እኔው ላይ ይደፋዋል። በጉልቻው ጊዜ እንኳ እንዲህ አላለቀስኩም።

ላሜራ ሠሪ፦ ቱቦው እኮ አዲስ ነው እማማ፤ አንድም ቀዳዳ የለውም።

እናት፦ አዎ፣ መውጫም የለውም! ጎረቤቴ «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ብላ ስቃብኛለች።

ላሜራ ሠሪ፦ እንጨቱ እርጥብ ይሆናላ።

እናት፦ እንጨቱም ይሁን ቱቦው፣ ሳታስተካክለው ከዚህ ቤት አትወጣም!

(ሳል፤ ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። ቱቦው አዲስ ነው፤ ቀዳዳም የለውም። እንጨቱም እርጥብ ሊሆን ይችላል። ችግሩ ግን ከሁለቱም ይቀድማል። ብዙዎቻችን ቱቦን ጭስ የሚስብ ሞተር አድርገን እናየዋለን። ቱቦ መንገድ ብቻ ነው። ጭሱን በዚያ መንገድ የሚያስኬደው ሙቀትና አየር ነው።

እንዴት? አየር ሲሞቅ ይሰፋል፤ ሲሰፋ ይቀላል። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ኪሎ የሚመዝን አየር የሚሞላውን ቦታ፣ 200 ዲግሪ በሞቀ አየር ብትሞሉት ክብደቱ ወደ 620 ግራም ይወርዳል። ስለዚህ በቱቦው ውስጥ ያለው ትኩስ አየር ወደ ላይ ይነሳል፤ ከባዱ የክፍሉ አየር ደግሞ በምድጃው አፍ ገብቶ ቦታውን ይተካል። ስበት የምንለው ይህን ነው። ከዚህ ሦስት ነገር እንማራለን። ቱቦው በረዘመ ቁጥር ስበቱ ይበረታል። ቱቦው ከቀዘቀዘ ስበቱ ይደክማል። ከታች የሚገባ አየር ከሌለ ደግሞ ከላይ የሚወጣ ጭስ አይኖርም።

ሦስተኛውን በዘይት ቆርቆሮ አስቡት። ቆርቆሮውን በአንድ ጥግ ብቻ በስታችሁ ስትቀዱ ዘይቱ እየተንፈቀፈቀ ይቸገራል። በሌላው ጥግ ትንሽ ቀዳዳ ስትጨምሩለት ግን ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ጭስ ቤትም እንደዚያው ነው። በሩ ተዘግቶ፣ መስኮቱ ተደፍኖ፣ የጣሪያው ሥር በሲሚንቶ ታሽጎ ከሆነ፣ ቱቦው የቱንም ያህል ቢያምር ጭሱ ይመለሳል።

ለእኛ ለደጋ ሰዎች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ነው። ያው ስስ አየር የቱቦውንም ጉልበት ይቀንሰዋል። በቆላ የበቃ አጭር ቱቦ በደጋ ላይበቃ ይችላል።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ አሁን ወደ ሥራው እንግባ። መጀመሪያ ቦታ እንምረጥ። ብዙ ሰው ምድጃውን ከሚመቸው ጥግ አስቀምጦ ሲያበቃ ቱቦው በየት ይውጣ ብሎ ይጨነቃል። እናንተ ግን ከጣሪያው ጀምሩ። ቀና ብላችሁ ወራጁንና ማገሩን ተመልከቱ። ቱቦው እንጨት ሳይነካ፣ ሳይታጠፍ፣ ቀጥ ብሎ የሚወጣበትን ክፍተት ፈልጉ። ከዚያ ክፍተት ድንጋይ በገመድ አስራችሁ ወደ መሬት አውርዱ። ድንጋዩ ባረፈበት ላይ የቱቦው እግር ይቆማል፤ ምድጃውም በእሱ ልክ ይቀመጣል።

ሁለተኛው ነገር ግድግዳው ነው። የጭቃ ቤት ግድግዳ ሲያዩት አፈር ይመስላል፤ አጥንቱ ግን እንጨት ነው። ጭቃው በሙቀት ይሰነጠቃል፤ ከውስጥ ያለው ባሕር ዛፍ ደግሞ ዓመት በዓመት እየደረቀ፣ እየጠቆረ ሄዶ በመጨረሻ በቀላል ሙቀት የሚያያዝ ይሆናል። ዓመታት ምንም ሳይሆን የኖረ ቤት አንድ ቀን በእሳት የሚያዘው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው። በሰሜን አሜሪካ የእሳት ደህንነት ደንብ፣ በፋብሪካ ተፈትኖ ርቀት ያልተወሰነለት የብረት ምድጃ ከሚቃጠል ነገር 90 ሳንቲ ሜትር፣ ባለ አንድ ንጣፍ ቱቦ ደግሞ 45 ሳንቲ ሜትር መራቅ አለበት። የእኛ ጠባብ ጭስ ቤት ይህን ሁሉ ላይፈቅድ ይችላል። እንደዚያ ከሆነ በምድጃውና በግድግዳው መካከል አንድ ላሜራ አቁሙ። ላሜራውን ግን ግድግዳው ላይ አትለጥፉት፤ ሁለት ተኩል ሳንቲ ሜትር ያህል ለቀቅ አድርጉት፤ ከታችም ከላይም ክፍት ይሁን። ከኋላው የሚያልፈው አየር ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ላሜራ ግን ሙቀቱን በቀጥታ ወደ እንጨቱ ያስተላልፈዋል።

ሦስተኛው ምድጃው ራሱ ነው። በአገራችን በሰፊው የሚታወቀው የእንጀራ ምድጃ «ምርጥ» የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ በአገር ውስጥ የተሠራ ሲሆን፣ ከሲሚንቶና ፑሚስ ከሚባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይሠራል። ዙሪያው በአራት ቁራጭ ይገጠማል፤ ምጣዱ ከላይ ይቀመጣል፤ ከኋላው በሚወጣው ሙቀት ደግሞ ድስት ይጣዳል። በሙከራ ሲለካ ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቆጥባል። ምርጥም ሆነ ሌላ ምድጃ ስትተክሉ መሬቱ ደልዳላ ይሁን። ምጣዱ ካዘነበለ እንጀራው በአንድ በኩል ይወፍራል። ቁራጮቹ የሚገናኙበትን ስንጥቅ ሁሉ በጭድ በተቦካ ጭቃ ድፈኑ። ምጣዱ ከምድጃው ጋር የሚገናኝበትንም ዙሪያ እንዲሁ። ምክንያቱም ቱቦው የሚስበው በቀለለው በኩል ነው፤ በየስንጥቁ ቀዝቃዛ አየር ከገባ ያው አየር ቱቦውን ያቀዘቅዘዋል፤ ስበቱም ይደክማል።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ ወደ ቱቦው መጣን። ላሜራ ሠሪዎች፣ እዚህ ላይ ልብ በሉ።

ከምድጃው ጋር የሚገናኘው የመጀመሪያው ቁራጭ ከጥቁር ላሜራ ይሠራ፤ ወፍራም ቢሆን ይመረጣል። ነጩ፣ ዚንክ የተቀባው ላሜራ ከእሳቱ አጠገብ አይግባ። ዚንክ በ419 ዲግሪ ይቀልጣል፤ በኃይል ሲግል የሚወጣው ጢስ ደግሞ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ያመጣል። በያጆች ይህን ሕመም ያውቁታል።

የቱቦው ወርድ በምድጃው መውጫ ልክ ይሁን። ለቤት ምድጃ በአብዛኛው ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ነው። ወደ ላይ ሲሄድ ፈጽሞ አይጥበብ። ላሜራ ለመቆጠብ ተብሎ 15 የጀመረው በ10 ሲጨርስ፣ የሚያልፍበት ስፋት ከግማሽ በታች ይሆናል። ጭሱም እዚያው ተጨናንቆ ይመለሳል።

አሁን ደግሞ አብዛኛው ሰው የሚሳሳትበት ነገር፤ አገጣጠሙ ነው። ሁለት ቱቦ ሲገናኝ የላይኛው ቱቦ ወደ ታችኛው ውስጥ ይግባ። ታችኛው ወደ ላይኛው ከገባ፣ ከውስጥ የሚወርደው ጥቁር ፈሳሽ በመገጣጠሚያው ወጥቶ ቱቦውን፣ ግድግዳውን፣ አልፎም ድስቱን ያበላሻል። የላይኛው ወደ ታችኛው ሲገባ ግን ፈሳሹ በውስጥ ወርዶ ወደ እሳቱ ተመልሶ ይቃጠላል። እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በሦስት ብሎን አጥብቁ። በብሎን ያልታሰረ ቱቦ ነፋስ ወይም የልጅ ክንድ ሲገፋው ይለያያል።

ማጠፊያ ከሌለ ደስ ይበላችሁ። ግድ ካለ ከሁለት አይብለጥ። አግድም የሚሄድ ክፍል ካለው ደግሞ አጭር ይሁን፤ በእያንዳንዱ ሜትርም ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ ከፍ እያለ ይሂድ። ትኩስ አየር መውጣት እንጂ መጋደም አይወድም።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ ከሥራው ሁሉ ከባዱ ክፍል ጣሪያውን ማለፍ ነው። የእሳት አደጋም፣ የዝናብ ፍሳሽም፣ የጭስ መመለስም የሚነሱት ከዚሁ ነው።

ስለ እሳቱ እንጀምር። ቱቦው ወራጅ ወይም ማገር የሚነካ ከሆነ፣ «ትንሽ ነው፣ ግድ የለም» አይባልም። ማገሩን ቆርጣችሁ፣ ዙሪያውን በተሻጋሪ እንጨት አስራችሁ መስኮት የመሰለ ክፍተት ሥሩ። በዚያ ክፍተት ቱቦው በሰፊ የላሜራ እጀታ ውስጥ ይለፍ፤ በቱቦውና በእጀታው መካከል አየር ይኑር። ኮርኒስ ካለም እንዲሁ አድርጉ። ሥራው ሲያልቅ መፈተኛው ቀላል ነው። ምድጃውን አንድ ሰዓት ያህል አንድዱ፤ ከዚያ በቱቦው አቅራቢያ ያለውን እንጨት በመዳፋችሁ ያዙት። እንጨቱን ይዛችሁ መቆየት ካቃታችሁ ለቱቦው ቀርቧል፤ ይራቅ።

ሣር ክዳን ቤት ያላችሁ ወገኖቼ፣ ቱቦን በሣሩ መሀል አታሳልፉ። አንዲት ብልጭታ ትበቃለች። በግድግዳው አውጥታችሁ ከክዳኑ ራቅ አድርጋችሁ ወደ ላይ አቁሙት። ውጭ የቆመ ቱቦ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ስበቱ ደከም ይላል፤ ቶሎ ቶሎም ጥላሸት ይይዛል። የሚሻለው ጭስ ቤቱን ብቻውን በቆርቆሮ መክደን ነው።

ስለ ዝናቡ ደግሞ። በቆርቆሮው ቀዳዳ ላይ የሚገጠመው የላሜራ ቀሚስ፣ በሸንተረሩ በኩል ያለው ጠርዙ ከላይኛው ቆርቆሮ ሥር ይገባል፤ በታች በኩል ያለው ጠርዙ ግን ከታችኛው ቆርቆሮ በላይ ይተኛል። ውሃ ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ አይሄድምና በዚህ አገጣጠም በላዩ ያልፋል። ቀሚሱ ሁሉ ከላይ ብቻ ከተለጠፈ በመጀመሪያው የሐምሌ ዝናብ ውሃው በቱቦው ዙሪያ ይወርዳል።

የጭሱን ነገር ደግሞ የቱቦው ቁመት ይወስነዋል። ቱቦው ከጣሪያው ከወጣበት ቦታ ቢያንስ 90 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። በሦስት ሜትር ርቀት ውስጥ ካለው ከማንኛውም ነገር ደግሞ፣ የቤቱ አናት ይሁን የጎረቤት ግድግዳ፣ በ60 ሳንቲ ሜትር ይብለጥ። ከአናቱ በታች የቀረ ቱቦ ነፋስ ጣሪያውን ተሻግሮ ሲወርድ ይመታዋል፤ ጭሱም ተመልሶ ይወርዳል። ቆቡም ወደ ቱቦው አይጠጋ፤ በቆቡና በቱቦው አፍ መካከል ያለው ክፍተት ከቱቦው ወርድ ግማሽ አይነስ።

(በር ሲንኳኳ፤ ሙዚቃ ዝቅ ይላል)

ላሜራ ሠሪ፦ እማማ፣ ጣሪያ ላይ ወጥቼ አየሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው።

እናት፦ እንዴት?

ላሜራ ሠሪ፦ ላሜራ ስላጠረኝ ቱቦውን ከቤቱ አናት በታች አስቀርቼዋለሁ። ደግሞ ወራጁን ላለመንካት ሦስት ጊዜ አጥፌዋለሁ።

እናት፦ እኔም አንድ ነገር አለኝ ልጄ። ብርድ እንዳይገባ ብዬ ከበሩ ሥር ያለውን ክፍተት በጨርቅ ደፍኜዋለሁ።

ላሜራ ሠሪ፦ ታዲያ ጭሱ በየት ይሂድ!

(ሁለቱም ይስቃሉ፤ ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ ሰማችሁ? ጥፋቱ ሦስት ቦታ ነበር፤ ቱቦው አጥሯል፣ ተጣጥፏል፣ አየርም አጥቷል። የአየር መግቢያው ልክ በቀላሉ ይታወቃል። የ15 ሳንቲ ሜትር ቱቦ ቢያንስ 13 በ13 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ክፍት ቀዳዳ ይፈልጋል፤ የሁለቱ ስፋት ተቀራራቢ ነው። ቀዳዳው ከግድግዳው በታች በኩል ይሁን፤ አይጥ እንዳይገባ በወንፊት ሽቦ ሸፍኑት።

ምድጃው ተተክሎ ሲያልቅ ወዲያው ምጣድ አታግሉ። ጭቃውና ሲሚንቶው ይድረቅ። ከደረቀ በኋላ በጭራሮ ብቻ ትንሽ እሳት አንድዳችሁ አብርዱት፤ ሁለት ሦስት ቀን እንዲህ አድርጉ። ድንገት የጋለ እርጥብ ምድጃ ይሰነጠቃል። ከዚያ የመጨረሻውን ፈተና አድርጉ። እሳቱ ሲነድ ቀጭን የወረቀት ቁራጭ በእሳት መክተቻው አፍ አጠገብ ያዙ፤ እሳቱ እንዳይነካው ግን ተጠንቀቁ። ወረቀቱ ወደ ውስጥ ከዘመመ ስበቱ ጥሩ ነው። ወደ እናንተ ከዘመመ ለሠሪው ቀሪውን ገንዘብ አትክፈሉ።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ ስለ እንጨቱ ላሜራ ሠሪው ያለውን አልረሳንም። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ክብደቱ እስከ ግማሽ ድረስ ውሃ ሊሆን ይችላል። እሳቱ መጀመሪያ ያን ውሃ ማትነን አለበት፤ ጭሱ ቀዝቅዞ ይወጣል፤ ቀዝቃዛ ጭስ ደግሞ በቱቦው ግድግዳ ላይ ቅጥራን የመሰለ ጥቁር ነገር ይለጥፋል። ያ ነገር ይነድዳል። ስለዚህ ፍልጡን ዝናብ በማይደርስበት፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ደርድራችሁ አድርቁ። ስድስት ወር ካገኘ መልካም ነው። ሁለት ፍልጥ ስታጋጩ ድምፁ ጥርት ብሎ ከተሰማ ደርቋል፤ ድፍን ያለ ድምፅ ከሰጠ ገና ነው።

ቱቦውን በየጊዜው ጥረጉት። ረጅም ዘንግ ላይ ሻካራ ጨርቅ ወይም የሽቦ ብሩሽ አስራችሁ፣ ምድጃው ሲቀዘቅዝ ከላይ ወደ ታች አሳልፉ። የጥላሸቱ ውፍረት ጥቂት ሚሊ ሜትር ከደረሰ ጊዜው አልፏል። ቱቦው ውስጥ እሳት ተነሥቶ እንደ ነፋስ ሲያጉረመርም ከሰማችሁ፣ ሰው ሁሉ ይውጣ፤ የሚቻል ከሆነ የምድጃውን አፍ በላሜራ ዝጉ፤ በጋለው ቱቦ ላይ ውሃ አታፍስሱ። አዲስ አበባ ያላችሁ በ939 ደውሉ።

አንዳንድ አድማጮቻችን፣ በተለይ በገጠር ያላችሁ፣ «ጭስ ጣሪያውን ከምስጥ ይጠብቅልናል» ትላላችሁ። እውነት ነው፤ አባቶች ይህን ያወቁት በልምድ ነው። ነገር ግን ጣሪያውን የጠበቀው ጭስ የእናትንና የልጅን ሳንባ አይምርም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል፤ ከነዚህ ውስጥ ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። ለምስጡ ሌላ መላ አለ፤ የተቃጠለ ዘይት መቀባት አንዱ ነው፤ ግን ከቱቦው የራቀው እንጨት ብቻ ይቀባ።

ከዚያ ባሻገር ቱቦ ሁሉን ይፈታል ብለን አናታልላችሁ። በጓቲማላ ደጋ በ534 ቤቶች የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2011 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ሕፃናት የሚተነፍሱትን ጭስ በአማካይ በግማሽ ቀንሶት ነበር። ከባድ የሳንባ ምች ቀንሷል፤ በሐኪም የተረጋገጠው ጠቅላላ የሳንባ ምች ግን ያን ያህል ግልጽ ቅናሽ አላሳየም። ግማሹ ጭስ ገና አለ ማለት ነው። ስለዚህ ቱቦ ቢኖርም ሕፃን አዝላችሁ ምድጃ ላይ አትጎንበሱ፤ በሩን ክፈቱ። ሌላም አለ፤ የከሰል ማንደጃ ቱቦ የለውም። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። የጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ አለን ብላችሁ ከሰል ዝግ ቤት አስገብታችሁ እንዳትተኙ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ ይጀምራል)

አቅራቢ፦ አድማጮቻችን፣ ዛሬ ማታ እራት ከመሥራታችሁ በፊት አንድ ሥራ እንስጣችሁ። ደጅ ወጥታችሁ ቱቦአችሁን ቀና ብላችሁ እዩት። ከቤቱ አናት በላይ ነው? ጭስ ቤት ግቡና በሩን ዝጉ፤ አየር የሚገባበት ቀዳዳ አለ? ቱቦውን የነካ እንጨት አለ? ሦስቱን ጥያቄ ለመመለስ አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ከሦስቱ አንዱ ጉድለት ካለው፣ ክረምት ሳይገባ ሠሪውን ጥሩት። ደህና ሁኑ።

(ሙዚቃ ከፍ ብሎ ያበቃል)